የመጀመሪያው ውርወራ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የጉባኤው አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ በጋበዙኝ ጊዜ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ፈቅደውልኝ ነበር። የመረጥሁት የሴቶችን የዲስከስ ውርወራ መሆኑን ስነግራቸው ግን አንዳንዶቹ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። መሐንዲስ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ መንገድ ቢናገር ያምርበታል፤ ስለ ዲስከስ ምን አግብቶት ነው ቢሉ አልፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ በአንድ ዝናባማ ምሽት፣ በአንድ ጠባብ የኮንክሪት ክብ ውስጥ የሆነውን ካየሁ ወዲህ፣ ስለ ሥራ ዝግጅትና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ባሰብሁ ቁጥር ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃዎች ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልገለጽኋቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑ ሐምሌ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ዓመት የተላለፈው የ2020 የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2021 ዓመት እየተካሄደ ነው። በእኛ አገር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን በቶኪዮ መሽቷል። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጥሁት ዲስከስ ለማየት አልነበረም። ለሜቻ ግርማ በ3,000 ሜትር መሰናክል፣ ጉዳፍ ጸጋይ በ5,000 ሜትር የሚሮጡበትን ሰዓት እጠባበቅ ነበር። ለሜቻ የብር፣ ጉዳፍም የነሐስ ሜዳሊያ ያገኙት በዚያው ምሽት ነው። ሩጫው እስኪደርስ ድረስ ግን በሜዳው ላይ የሴቶች የዲስከስ ውርወራ ፍጻሜ ይካሄድ ነበርና፣ ከሥራ ፈት ዓይን በማይሻል ዓይን ተመለከትሁት።

በመጀመሪያው ዙር ቫላሪ ኦልማን የተባለችው አሜሪካዊት ወደ ክቡ ገባች፤ ተሽከርክራም ወረወረች። ርቀቱ ሲለካ 68.98 ሜትር ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ከእርሷ በኋላ ከገቡት ወርዋሪዎች አንዳንዶቹ በክቡ ውስጥ እያንሸራተታቸው ወደቁ። ዳኞቹም ውድድሩን ለአንድ ሰዓት ያህል አቋረጡት። ዝናቡ ጋብ ብሎ ውድድሩ ከቀጠለ በኋላ ጀርመናዊቷ ክሪስቲን ፑደንትስ በአምስተኛው ዙር 66.86 ሜትር ወርውራ ሁለተኛ ወጣች። የኩባዋ ያይሜ ፔሬስ በ65.72 ሜትር ሦስተኛ ሆነች። በለንደንና በሪዮ ዴ ዣኔሮ ኦሊምፒኮች የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀችው ክሮኤሺያዊቷ ሳንድራ ፔርኮቪች እንኳ በአራተኛነት ተወሰነች። የመጀመሪያው ዙር ውርወራ እስከ መጨረሻው የሚደርስበት ሳይኖር ቀረ።

በዚያ ምሽት ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዕድለኛ ናት፤ ዝናቡ ሳይዛት አመለጠች» አለኝ። እኔም ለጊዜው ነገሩን ተቀበልሁት። ነገር ግን ሌሊቱን ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ። የዛሬውም ንግግሬ በአመዛኙ ለዚያ ባልደረባዬ የምሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

መልሱን ለመስጠት አስቀድሞ ዝናብ በዲስከስ ወርዋሪ ላይ ምን እንደሚያደርግ መረዳት ያስፈልጋል። የሴቶች ዲስከስ ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም፣ የመካከሉ ስፋት 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የወንዶቹ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱም 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የመወርወሪያው ክብ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 2.50 ሜትር። ወርዋሪዋ በዚህች ጠባብ ስፍራ አንድ ዙር ተኩል ያህል ተሽከርክራ፣ ዲስከሱን በሴኮንድ 25 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ትለቀዋለች። ይህም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እንግዲህ የሽክርክሪቱን ሬዲየስ በግምት 1 ሜትር ብንወስድ፣ ዲስከሱ ከመለቀቁ በፊት ጣቶቿን ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል 60 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ዕቃ ሸክም ጋር የሚተካከል ይሆናል። ይህንን ጭነት የሚሸከሙት የአራት ጣቶች የመጨረሻ አንጓዎች ብቻ ናቸው። ዲስከስ እንደ ዱላ አይጨበጥም፤ ጠርዙ በጣቶች ጫፍ ላይ ያርፋል እንጂ። እጅና ብረት ሲረጥቡ ምን እንደሚከተል ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም።

የእግሩ ጉዳይ ደግሞ ከእጁ ይብሳል። ወርዋሪዋ በእግሯ ፊት ላይ ቆማ መሽከርከር ስላለባት ወለሉ እጅግ ሻካራ ሊሆን አይገባም፤ መሬቱን ረግጣ ኃይል ማውጣት ስላለባት ደግሞ እጅግ ለስላሳም ሊሆን አይገባም። በሁለቱ መካከል ያለው ልክ፣ እኛ ሰበቃ የምንለው የሁለት ገጾች መፋተግ፣ የሚገኘው ወለሉ ሲደርቅ ነው። በተጨማሪም በደንቡ መሠረት የክቡ ወለል ከዙሪያው የብረት ቀለበት አናት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ይህ ማለት መውጫ ካልተበጀለት በቀር ክቡ ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደ ጣባ ውሃ ይይዛል ማለት ነው። ተወዳዳሪዋ በጫማዋም ሆነ በወለሉ ላይ አንዳች ነገር ረጭታ መያዣ እንዳታበጅ ደንቡ ይከለክላታል። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ የጉልበት ብልጫ ብቻውን አይረዳም። ይልቁንም በፍጥነት የምትሽከረክረው፣ ማለትም ይበልጥ የምትችለው፣ ይበልጥ ለመንሸራተት ትጋለጣለች።

ከዚህም ሌላ ዲስከስ በአየር ላይ የሚደገፍ ዕቃ ነው። አሎሎ የሚበርረው የመሬት ስበትን ብቻ እየታገለ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ዲስከስ ግን በመጠኑ እንደ ክንፍ ይሠራል። ከፊት ለፊት የሚነፍስ ልከኛ ነፋስ ያነሣዋል እንጂ አይጎዳውም። የሴቶቹ ዲስከስ በአንድ ኪሎ ግራም 257 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያህል ገጽ ሲኖረው የወንዶቹ 190 ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም የሴቶቹ ከነፋስ የበለጠ ይጠቀማል፤ የተስተካከለ አለቃቀቅ ካላገኘም የበለጠ ይጎዳል። እንግዲህ የሴቶች ዲስከስ ከሜዳ ተግባራት መካከል ለአየሩ ጠባይ እጅግ ከሚታዘዙት አንዱ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

በቶኪዮ የሆነው ነገር ከዚያ በፊት ያልታየ አይደለም። በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 18 ቀን፣ የእኛው ማሞ ወልዴ በማራቶን ድል ከማድረጉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ የሴቶች የዲስከስ ፍጻሜ ተካሂዶ ነበር። የውድድሩ ተጠባቂ ከአንድ ዓመት በፊት ከሴቶች ሁሉ ቀድማ 60 ሜትርን ያለፈችው የምዕራብ ጀርመኗ ሊዝል ቬስተርማን ነበረች። ሩማንያዊቷ ሊያ ማኖሊዩ ግን 36 ዓመቷ ነው፤ የተሰለፈችውም ለአምስተኛ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በሮምና በቶኪዮ ሁለት የነሐስ ሜዳሊያዎችን አግኝታለች። ክንዷን ታማ እንደነበረና ሐኪሟም የምትችለው አንድ መልካም ውርወራ ብቻ እንደሆነ እንዳስጠነቀቃት ይነገራል። እርሷም በመጀመሪያው ሙከራ ያላትን ሁሉ አውጥታ 58.28 ሜትር ወረወረች። ከዚያ በኋላ ዝናብ መጣ። ቬስተርማን የቻለችው 57.76 ሜትር ነው። ልዩነቱ 52 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የወርቁ ሜዳሊያ ለማኖሊዩ ሆነ። በዚያው ቀን ቦብ ቢሞንም በርዝመት ዝላይ ዓለምን ያስደነቀውን 8.90 ሜትር የዘለለው በመጀመሪያ ሙከራው፣ ዝናቡ ሳይወርድ ነበር።

ባልደረባዬ ዛሬም እዚህ ቢሆን «ይህ ሁሉ የሚያረጋግጠው የእኔን ነገር ነው፤ ዕድል ነው» እንደሚለኝ አልጠራጠርም። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። በሁለቱም ውድድሮች ደረቁን ወለል ያገኘችው አሸናፊዋ ብቻ አልነበረችም። ከዝናቡ በፊት የወረወሩ ሌሎችም ነበሩ። ልዩነቱ አንደኛዋ በመጀመሪያው ዙር የመጨረሻዋን ኃይል ለማውጣት ተዘጋጅታ መምጣቷ ነው። ብዙ ወርዋሪዎች የመጀመሪያውን ሙከራ የሚጠቀሙበት ለማሟሟቂያ ነው። አንድ የሚለካ ርቀት ያስመዘግቡና «ገና አምስት ሙከራ አለኝ» ይላሉ። ስሌቱ ስሕተት የሚሆነው አምስቱ ሙከራዎች ከመጀመሪያው ጋር እኩል ናቸው ብሎ በመነሣቱ ነው። ወለሉ፣ ነፋሱ፣ ክንዱና ልቡ በስድስቱም ሙከራዎች አንድ ዓይነት ሆነው እንደሚቆዩ ማንም ዋስ አልሆነም።

በ2022 በአሜሪካ ዩጂን ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ቻይናዊቷ ፌንግ ቢን ከዚያ በፊት ያልደረሰችበትን 69.12 ሜትር የወረወረችው በመጀመሪያው ዙር ነው። ፔርኮቪችና ኦልማን ቀሪውን ውድድር ሁሉ ሲያሳድዷት ቆይተው 68.45 እና 68.30 ላይ ቆሙ። በዚያ ቀን ዝናብ አልነበረም። ቀድሞ የተመዘገበ ትልቅ ርቀት ግን በተከታዮች ትከሻ ላይ የሚጭነው ሸክም ከዝናብ አያንስም።

ነገሩን አንድ ወገን ብቻ እንዳላሳይ፣ የሚቃወሙኝንም ምሳሌዎች ላንሣ። በ2016 በሪዮ ዴ ዣኔሮ ፔርኮቪች በፍጻሜው ሁለቱ የመጀመሪያ ሙከራዎች ተበላሽተውባት ነበር። አሥራ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከሦስት ዙር በኋላ ወደ ስምንት ይቀነሱ ስለነበር፣ ሦስተኛውም ቢበላሽ ኖሮ ሻንጣዋን ሸክፋ መውጣቷ ነበር። በሦስተኛው 69.21 ሜትር ወርውራ አሸነፈች፤ በዚያ ፍጻሜ የተለካላትም ውርወራ እርሱ ብቻ ነው። በ2023 በቡዳፔስት ደግሞ አሜሪካዊቷ ላውላውጋ ታውሳጋ በአምስተኛው ዙር 69.49 ሜትር ወርውራ ከኋላ ተነሥታ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ይህም ቀድሞ ከነበራት የራሷ ክብረ ወሰን በ4 ሜትር ገደማ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ የወረወረ ብቻ ያሸንፋል» የሚል ሕግ የለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ሙከራዋ የሚቻላትን ያደረገች ሴት ቀሪዎቹ አምስቱ ትርፍ ናቸው። ያላደረገች ግን ቀሪዎቹ ዕዳ ናቸው። ፔርኮቪች ዕዳዋን በአንድ ጊዜ ለመክፈል የሚያስችል ብርታት ነበራት። ያን ብርታት የሥራ ዕቅድ አድርጎ የሚጽፍ መሐንዲስ ካለ ግን እኔ ከእርሱ ጋር አልፈርምም።

ችሎታና ውጤትም አንድ አይደሉም። የሴቶች የዲስከስ የዓለም ክብረ ወሰን 76.80 ሜትር ሲሆን፣ የተመዘገበው በሐምሌ 1988 በምሥራቅ ጀርመኗ ጋብሪኤለ ራይንሽ ነው። ይህ ርቀት ወንዶች በራሳቸው ዲስከስ ከደረሱበት ሁሉ ይበልጣል። ይሁንና ራይንሽ በዚያው ዓመት መስከረም በሴኡል ኦሊምፒክ ያገኘችው ሰባተኛነትን ነበር። አሸናፊዋ በ72.30 ሜትር የአገሯ ልጅ ማርቲና ሄልማን ሆነች። በዚያ ዘመን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ለስፖርተኞቹ አበረታች መድኃኒት በዕቅድ ይሰጥ እንደነበረ በኋላ በሰነድ ተረጋግጧልና፣ እነዚህን ቁጥሮች ለዛሬዋ ወርዋሪ መለኪያ ማድረግ፣ ምንጩ ባልጠራ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ድልድይ እንደ መንደፍ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምሩናል። በመልካም ቀን የተደረሰበት ከፍተኛ ርቀት በወሳኙ ቀን ለሚሆነው ዋስትና አይሆንም።

እዚህ ላይ ስለ ዳኞቹ ጥቂት ልበል። በቶኪዮ ውድድሩን ማቋረጣቸው ትክክል ነበር፤ ሴቶቹ በራሳቸው ጥፋት ሳይሆን በወለሉ ምክንያት ይወድቁ ነበርና። የተመዘገበውን የመጀመሪያ ውርወራ አለመሰረዛቸውም ትክክል ነው። በሥራ ላይ ኃላፊነት ያለበት ሰው ሁለቱንም ማድረግ ይጠበቅበታል። ሁኔታው ለሰው አደገኛ ሲሆን ሥራውን ያቆማል፤ በደኅናው ጊዜ በደኅና የተሠራውን ግን ለሌሎች መጽናኛ ሲል አያፈርስም። ክቡን ለሠሩትም አደራ አለ። ውሃ የሚወርድበትን መንገድ አስቀድሞ ያላበጀ ወለል፣ ውድድሩን ከአትሌቶቹ እጅ ነጥቆ ለሰማይ ይሰጠዋል።

ይህን የምለው ከሌሎች ጥፋት ተነሥቼ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ የአንድ ክፍል ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር። የአፈሩ ሙሌት በመልካም ሁኔታ ይካሄድ ነበርና፣ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ለኋላ አቆየሁት። በሥራው ላይ ያረጁ አንድ ፎርማን ነበሩ። አንድ ቀን ወደ እኔ መጥተው «ኢንጂነር፣ ቦዩን እናስቀድም፤ ሰማዩ አላማረኝም» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ገና ሚያዝያ ነው፤ ጊዜ አለን» ብዬ መለስሁላቸው። በማግሥቱ ሌሊት የወረደው ዝናብ ውሃውን በሙሌቱ ላይ አሳልፎ የብዙ ቀን ሥራ ጠርጎ ወሰደው። ጠዋት በስፍራው ስንገናኝ ጋሼ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። አካፋቸውን አንሥተው ቦዩን መቆፈር ጀመሩ። ዝምታቸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የዚያን ጊዜ «ዝናቡ ያለ ጊዜው መጣ» ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ዝናቡ ግን በጊዜው ነበር የመጣው፤ ያለ ጊዜዬ የተገኘሁት እኔ ነበርሁ።

እኛ የምንኖርበት አገር ዝናቡ ሳይታሰብ የሚመጣበት አይደለም። ክረምቱ በየዓመቱ ይመጣል። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን በመሆኑ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ወራት በክረምቱ ውስጥ ያልፋሉ። እነዚያን ወራት በጥናት፣ በንድፍና በውል ዝግጅት የተጠቀመባቸው ሰው ጥቅምት ሲጠባ በደረቅ ወለል ላይ የመጀመሪያውን ውርወራ ለመወርወር ዝግጁ ነው። ያልተጠቀመባቸው ግን ጥቅምትንና ኅዳርን ለማሟሟቂያ ያውላል፤ በጥር ይነቃል፤ በግንቦት ይሯሯጣል፤ በሰኔም በጭቃ ውስጥ ይንሸራተታል። ከዚያም እንደ ባልደረባዬ በሰዓቱ የጨረሰውን ሰው «ዕድለኛ ነው» ይለዋል።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፣ ደግሞም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እኔም ጥድፊያን አልሰብክም። ሊያ ማኖሊዩ እስከዚያች አንዲት ውርወራ ድረስ ለመድረስ ከሄልሲንኪ 1952 ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። እንቁላሉ በእግሩ የሄደው በእነዚያ ዓመታት ነው። ወደ ክቡ ከተገባ በኋላ ግን ቀስ የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ትዕግሥት የዝግጅት ነው፤ ሥራው በእጅ ሲገባ የሚያስፈልገው ሙሉ ልብ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ቦታቸውን እናለዋውጣለን። ስንዘጋጅ እንቸኩላለን፤ ስንሠራ እንዘገያለን።

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤

ሴቶች በኦሊምፒክ የአትሌቲክስ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፉበት በ1928 በአምስተርዳም፣ ከተፈቀዱላቸው አምስት ተግባራት የውርወራው ዲስከስ ብቻ ነበር። ፖላንዳዊቷ ሃሊና ኮኖፓትስካ በ39.62 ሜትር አሸነፈች፤ ለአገሯም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘች። ከዚያ ወዲህ ርቀቱ ወደ 70 ሜትር ተጠግቷል፤ ሥልጠናውና ወለሉ ተሻሽሏል። የክቡ ስፋት ግን ዛሬም 2.50 ሜትር ነው፤ የሙከራውም ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ዝናቡም እንደ ጥንቱ ማንንም አያስፈቅድም።

ቫላሪ ኦልማን በ2024 በፓሪስ 69.50 ሜትር ወርውራ የኦሊምፒክ ወርቋን ደገመች። ዜናውን እንደሰማሁ ለዚያ ባልደረባዬ ስልክ ደወልሁለትና «ዛሬስ ምን ትላለህ?» አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «የመንገዱ ቦይ እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ሰሞን በእጄ የነበረው ሥራ ነው። «ከሙሌቱ በፊት ተቆፍሯል» ብዬ መለስሁለት።